ለየሙያው የሚበጀው ካሜራ፤ ከመቅደላ እስከ ቦሌ

ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ባልደረባ ወዳጆቹን ሲያማክር ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድመው ጥያቄ «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት አይቻልም፤ አንድ መሣሪያ ከሌላው የሚበልጠው በታሰበለት ሥራ ሲመዘን እንጂ እንዲያው በደፈናው አይደለምና። ለዚህም የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ በቂ ምስክር ስለሚሆን፣ ወደ ዛሬው ምርጫ ከመግባታችን በፊት ያለፈውን በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲሶቹ ክፍል ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አሰልፎ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ሲሆን፣ መስተዋቱ ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ ተቀብቶ ገና እርጥብ ሳለ ብርሃን መቀበልና ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ሳጥኑ፣ መስተዋቱ፣ መድኃኒቱና ድንኳኑ ሁሉ በጭነት ከብት ከቀይ ባሕር ዳርቻ አንሥቶ ያንን ሁሉ ተራራና ገደል ማለፍ ግድ ሆነበት። ይህ ድካም ለመታሰቢያ ሥዕል ብቻ የተደረገ አልነበረም። ከክፍሉ ዋና ተግባሮች አንዱ ቀያሾች የነደፉትን ካርታ በፎቶግራፍ እያባዙ ለአዛዦች ማደል ነበር። መሣሪያው ከባድና አዝጋሚ ቢሆንም ለታሰበለት ሥራ በቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አገለገሉ። ለቤተ መንግሥት የሚሠራ ባለሙያ የሚፈልገው ፍጥነትን ሳይሆን ግርማን ነው። ካባውና ዘውዱ ከነጥልፉ ጎልቶ እንዲታይ፣ ባለ ሥልጣኑም ተረጋግቶ እንዲነሣ፣ ትልቅ ሳጥንና ጽኑ ማቆሚያ ያስፈልግ ነበር። በውጭው ዓለም ኮዳክ በ1888 እ.ኤ.አ. ጥቅል ፊልም የሚጎርሰውን ትንሽ ካሜራ ለማንኛውም ሰው አቅርቦ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላይካ በሰፊው ለገበያ ሲቀርብ 36 ሥዕል በአንድ ጥቅል የሚያነሣ፣ በኮት ኪስ የሚያዝ መሣሪያ ተገኘ። ነገር ግን ላይካ ለጋዜጠኛ እጅግ የተመቸውን ያህል፣ ለዘውድ ሥዕል ትልቁን ሳጥን ወዲያው አላስጣለም።

የቦሌ ታሪክ ከሌላ ዓይነት ካሜራ ጋር የተያያዘ ነው። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች ስላልበቃ ቦሌ ተሠርቶ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች በ1955 ዓ.ም. ተቀበለ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በጋራ ያቋቋሙት የካርታ ሥራ ተልእኮም በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተጀምሮ አገሪቱን ከአየር ያነሣ ነበር። ለካርታ የሚያገለግለው የአየር ካሜራ ፊልሙ በየጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1፡50,000 መጠን የተነሣ አንድ ሥዕል በየጎኑ 11.5 ኪሎ ሜትር ምድር ይይዛል ማለት ነው። ተከታታዮቹ ሥዕሎች 60 በመቶ ያህል ተደራርበው ስለሚነሡም ጥንዶቹን በመነጽር የሚመለከት ቀያሽ ኮረብታውንና ሸለቆውን ለይቶ ያያል። የካ፣ ገርጂና አያት ዛሬ በፎቅ ቤት ከመሸፈናቸው በፊት የነበራቸውን የመሬት ገጽታ ለማጥናት ከእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ካሜራ ለባለቤቱ መስማማት እንዳለበት የሚያስረዳ ሌላም ታሪክ አለ። የ1977ን ረኀብ ከኮረም ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። ሆኖም ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፣ ካሜራውን በዚያ ለመያዝ እንዲመቸው አድርጎ በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሕይወቱ ያለፈው በኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን ነው።

አሁን ወደ ዲጂታሉ እንለፍ። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ 10,000 ነጥብ ብቻ ያለውን ሥዕል በካሴት ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በኪስ ስልክ የሚነሣ ሥዕል 12 ሚሊዮን ነጥብ ወይም ፒክስል ቢኖረው ማንም አይደነቅም። ነጋዴውም ቁጥሩን አስቀድሞ ያሞግሳል። ይሁንና 4,000 በ3,000 ፒክስል የሆነ ሥዕል፣ መጽሔት በሚታተምበት ጥራት፣ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ስለሚወጣ፣ ይህን መጽሔት የመሰለ ገጽ ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ቁጥር የሚጠቅመው ትልቅ ሰሌዳ ለሚያሳትም ወይም ሥዕሉን ቆርጦ ለሚያጎላ ሰው ነው።

ከነጥቡ ብዛት ይልቅ ሊታይ የሚገባው ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ስፋት ነው። ሙሉ መጠን የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአነስተኛ ባለሙያ ካሜራዎች የሚገኘው ከዚህ በግማሽ ያንሳል። የስልክ ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ነው። ሰፊ ሰሌዳ በጨለማ አዳራሽም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንጹሕ ሥዕል ይሰጣል። ለእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ከተማ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ሲነሡ ነጠላው ነጥቶ እንዳይጠፋ ቢባል ፊታቸው ይጠቁራል፤ ፊታቸው እንዲታይ ቢባል ጥለቱ ይጠፋል። የቀድሞዎቹ የቀለም ፊልሞች በነጭ ቆዳ መመዘኛ ይስተካከሉ ስለነበር ችግሩን አባብሰውት ነበር። ስለዚህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ጠቆር ያለ ፊትና ነጭ ልብስ በአንድነት አንሥቶ ቢሞክር ከማስታወቂያው ሁሉ የበለጠ ይረዳል።

በየሙያው ስንመለከተው፣ የግንባታ ተቆጣጣሪ አቧራና ዝናብ የሚችል ትንሽ ካሜራ ወይም ደኅና ስልክ ይበቃዋል፤ የሚፈልገው ቀኑንና ስፍራውን የሚያስረዳ ማስረጃ ነውና። በቦሌ መንገድ ዳር የቆመውን ፎቅ የሚያነሣ አርክቴክት ግን ካሜራውን ወደ ላይ ቢያቀና ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ መስሎ ይታያል። ለእርሱ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ መስመሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሌንስና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያሻዋል። ሰነድ የሚገለብጥ ተመራማሪ ደግሞ የመቅደላ መሐንዲሶችን ሥራ ስለሚሠራ፣ በቅርበት የሚያነሣ ሌንስና እኩል የተሠራጨ ብርሃን ያስፈልገዋል። ሌንስ የሚቀያይር ሁሉ በአቧራማ ስፍራ ሰሌዳው እንዳይቆሽሽ መጠንቀቅ አለበት። በክረምትም ሌንሱን እርጥበት በሌለበት ስፍራ ካላስቀመጠው ሻጋታ ያበላሽበታል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሥዕሉን የማቆየት ጉዳይ ነው። ምሥራቃዊው አዲስ አበባ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻነት ወደ ከተማነት ተለውጧል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር ሥራ ጀምሯል። ይህን ለውጥ ብዙዎቻችን በስልካችን አንሥተናል። ዳሩ ግን የአያቶቻችን ሥዕል በወረቀት ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ ሲቆይ፣ ከ10 ዓመት በፊት በስልክ ያነሣነው ከስልኩ ጋር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለካሜራ ገንዘብ የሚመድብ ባልደረባ ከገንዘቡ ከፍሎ በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ለሚቀመጡ ማከማቻ ዲስኮች ቢያውል፣ የተመረጡትንም በወረቀት አሳትሞ ቀኑን፣ ሰፈሩንና የሰዎቹን ስም በጀርባው ቢጽፍ መልካም ነው። የፈረሰውን ሰፈር ነገ ማጥናት የሚፈልግ ባለሙያ የካሜራውን ዓይነት ላይጠይቅ ይችላል፤ ሥዕሉ የት፣ መቼና በማን እንደተነሣ ግን ማወቅ ይኖርበታል።