ዲስኩ ሳይጎብጥ የተፈረደበት ታሪክ

በፍጥነት እየነዳችሁ ፍሬን ስትይዙ መሪው እጃችሁ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ እንበል። ጋራዥ ስትሄዱ ፍርዱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፦ «ዲስኩ ጎብጧል!» ከዚያ ወይ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጣል፣ ወይ በአዲስ ይቀየራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ንዝረቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ብሩ ግን አይመለስም። ለመሆኑ ዲስክ እውነት ይጎብጣል? መልሱን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ እንሂድ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። ፍሬድሪክ ላንቼስተር የተባለ መሐንዲስ በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት አገኘ። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ስስ ብረት በሁለት ወገን ጨምቆ ማቆም፣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ዛሬም አልተለወጠም። በጊዜው ግን ለሸራ የሚሆን ጥሩ ነገር አልተገኘም። መዳብ ከብረት ሲፋተግ ጩኸቱ አያድርስ ነው። ስለዚህ ዓለም ለሃምሳ ዓመት ያህል በታምቡር ፍሬን ነዳ።

ታምቡር ግን አንድ ክፉ አመል አለው፦ ሲግል ይሰንፋል። ሙቀቱ ውስጡ ታፍኖ ስለሚቀር ፔዳሉን ብትረግጡትም መኪናው እንደ መጀመሪያው አይታዘዝም። ይህን የሰበረው ጃጓር ነው። በ1953 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን ላይ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር የደንሎፕን ዲስክ ፍሬን ገጥሞ መጣ። ሌሎቹ ከረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ጫፍ ሳይደርሱ ፍጥነት መቀነስ ሲጀምሩ ጃጓሮቹ ዘግይተው ይይዙ ነበር። ቶኒ ሮልት እና ደንካን ሃሚልተን አሸነፉ። የውድድሩ አማካይ ፍጥነትም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ160 ኪሎ ሜትር፣ በላይ ሆነ።

ታዲያ ዲስክ ሙቀትን አላጠፋውም፤ አየር ላይ አወጣው እንጂ። በ1966 ፎርድ ባለ 7 ሊትር ሞተሩን ጂቲ 40 ይዞ ለማን ሲሄድ ትልቁ ጭንቀቱ ፍሬኑ ነበር። ከባድ መኪና በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ እየከነፈ መጥቶ ሲያዝ ዲስኩ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል፣ ቀጥሎ በሚመጣው መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይግላል። በዚህ መሐል ዲስኩ ይሰነጠቅ ነበር። ፊል ሬሚንግተን ዲስክና ሸራ ውድድሩ መሐል ላይ ቶሎ የሚቀየርበትን ዘዴ ሠራ፤ ፎርድም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ፖርሽ ለጎዳና በሠራው 911 ኤስ ላይ መሐሉ ክፍት ሆኖ አየር የሚያስተላልፍ ዲስክ ገጠመ። የውድድሩ ፍሬን ወደ ሰፈር ገባ። ንዝረቱም አብሮ ገባ።

«ጎብጧል» የሚለውን ፍርድ ፊት ለፊት ከተከራከሩት ሰዎች አንዱ ካሮል ስሚዝ ነው። በፎርድ የለማን ዘመቻ የሠራ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን በ2003 አርፏል። እሱ እንደጻፈው ጎበጡ ተብለው የመረመራቸው ዲስኮች ሁሉ ችግራቸው ሌላ ሆኖ ተገኝቷል፦ ከሸራው የተላቀቀ ነገር ዲስኩ ላይ ሳይስተካከል ተለጥፎ ነበር። በጣም የጋለ ፍሬን ይዛችሁ ሙሉ በሙሉ ስትቆሙና እግራችሁን ፔዳሉ ላይ ስታቆዩ ሸራው ዲስኩ ላይ ማኅተም ያትማል። ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ሙቀቱ በጣም ሲያልፍ የብረቱ ጠባይ ራሱ ተለውጦ ይጠነክራል። ጥንካሬው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቶርኖ ላዩን ቢልጠውም ሥሩ ይቀራል። ንዝረቱ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሞዞው ነው። ሞዞው ላይ ዝገት ካለ፣ ወይም የጎማው ብሎኖች እኩል ካልጠበቁ፣ አዲስ ዲስክም እየተወላገደ ይዞራል። ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜ እንኳ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ቦታ ሸራውን ይነካል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል። የውፍረት ልዩነቱ የሚሊሜትር ሁለት መቶኛ አካባቢ ብቻ ቢሆንም እጃችሁ ያውቀዋል። ጥፋቱ የሞዞው፣ ቅጣቱ የዲስኩ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። ፍሬን ሳይያዝም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የጎማ ባላንስ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነና መሪው ላይ ከተሰማ ብዙውን ጊዜ የፊቱ ነው፤ ወንበር ላይ ከተሰማ የኋላው ይጠረጠራል። ከዚያ ዲስኩ መኪናው ላይ እንደታሰረ መወላገዱ ይለካ፤ ውፍረቱም ዙሪያውን በበርካታ ቦታ በማይክሮሜትር ይታይ። ዲስኩ ሲወልቅ የሞዞው ፊት ከዝገት ይጽዳ፤ ብሎኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ በልካቸው ይጥበቁ። አዲስ ሸራ ሲገባም መኪናው ሳይቆም ደጋግሞ ፍጥነት በመቀነስ ሸራውና ዲስኩ ይላመዱ።

ከላንቼስተር እስከ ፎርድ ያሉት ሰዎች ፍሬንን ያሻሻሉት ችግሩ የት እንዳለ ፈልገው ስላገኙ ነው። መለኪያ ሳይነካው «ጎብጧል» የሚል መካኒክ ከገጠማችሁ «ስንት ሆኖ ተገኘ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥር ካልነገራችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት፤ መኪናውን ግን ሳይመረመር አትንዱት።