“ኖርማል” የማን ቁጥር ነው? የአቃቂ ሠራተኞችና የሲዲ4 ታሪክ

ቦሌ ካሉት ላቦራቶሪዎች ባንዱ ደም ሰጥታችሁ ውጤት ስትቀበሉ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ የራሳችሁ ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ “ኖርማል” የሚባለው። ሁለቱን አስተያይተን ወይ እፎይ እንላለን፣ ወይ እንደነግጣለን። ያ ሁለተኛው ቁጥር ከማን ደም እንደመጣ ግን ብዙም አንጠይቅም። ጥያቄው በደንብ ሲጠየቅ ደማቸውን ሰጥተው መልስ ካስገኙት መካከል የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኞች አሉ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ሲዲ4 ትንሽ እንበል። ነጭ የደም ሴሎች በላያቸው ላይ እንደ መታወቂያ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። በ1982 ተመራማሪዎች ፓሪስ ተሰብስበው ለነዚህ ምልክቶች የጋራ ስያሜ አወጡ፤ “ሲዲ” ተብለው በቁጥር ተለዩ። ሲዲ4 ያለባቸው ሴሎች የሰውነትን መከላከያ ያስተባብራሉ። ኤችአይቪም ሴሉ ውስጥ የሚገባው ይህንኑ ምልክት ይዞ ነው። ለመቁጠር፣ የሚያበራ ቀለም ያለው አንቲቦዲ ከደሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ሲዲ4 ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ሴሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ ያበራውን ማሽኑ ይቆጥራል።

በ1994 የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ። በ1997 ደግሞ በአቃቂ የቃጫ ውጤቶች ፋብሪካና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን በየጊዜው እየመረመሩ ለዓመታት መከታተል ተጀመረ።

በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ቫይረሱ የሌለባቸውን 485 ጤነኛ የኢትዮጵያ ፋብሪካ ሠራተኞች መረመረ። ከመካከላቸው ሲዲ4 የተቆጠረላቸው ሰዎች አማካይ 775 ሆኖ ተገኘ፤ የኔዘርላንድስ ሰዎች ግን 993። የጤነኛው ኢትዮጵያዊ የታችኛው ወሰን 366 ሲሆን የእነሱ 491 ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ ኢትዮጵያውያኑ ገና ያልተነኩ “አዲስ” ሴሎቻቸው ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ መሆናቸውን አሳየ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ከልጅነት ጀምሮ ከተዋሲያን ጋር የሚደረገው የማያቋርጥ ትግል ሊሆን እንደሚችል ገመቱ።

ታዲያ ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ! የሲዲ4 ቁጥር የመድኃኒት በር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የሚጀመርበትን ወሰን ከ200 ወደ 350፣ በ2013 ደግሞ ወደ 500 ከፍ አደረገ። እዚህ አገር ግን ቫይረሱ ጨርሶ የሌለበት ጤነኛ ሰው እንኳ ከ500 በታች ሊሆን ይችላል። የሌላ አገር ቁጥር እንዳለ ቢወሰድ፣ የሐኪሙ ፍርድ ከጅምሩ ይዛነፋል።

ሌላም ስጋት ነበር፦ ቁጥሩ ድሮውንም ዝቅ ያለ ሰው ቶሎ ይታመም ይሆን? በ2005 የታተመው የፋብሪካ ሠራተኞቹ ጥናት መልሱን ሰጠ። ከመያዛቸው በፊት ሲዲ4 ዝቅ ማለቱ በሽታውን አላፋጠነባቸውም። ዝቅ ያለው ቁጥር የደካማ ሰውነት ምልክት አልነበረም ማለት ነው።

በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ በደሙ የተገኘ ሁሉ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን መድኃኒት ይጀምር አለ። ሲዲ4 የመድኃኒት በር መሆኑ ቀረ። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው፤ የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ግን ክንዳቸውን ለመርፌ መዘርጋት የጀመሩት ከዚያ 8 ዓመት ቀድመው ነው። የኛን “ኖርማል” ያወቅነው ከነሱ ደም ነው።