የርክክብ ፊርማ

የንግድ ሥራ ሶፍትዌር ርክክብ በሚፈጸምበት ጊዜ ዋናው ዳኛ በየዕለቱ በሥርዓቱ ሒሳብ የሚዘጋው ሠራተኛ ነው። የተጠቃሚዎች የመረከቢያ ሙከራም ለዚሁ ዳኝነት የቆመ ነው። ሙከራ ጉድለትን አይቶ ርክክብን ካላስቆመ የሚያስከትለውን ጉዳት የብሪታንያ ፖስታ ቤት ታሪክ ያስረዳል።

«ሆራይዘን» የተባለው ሥርዓት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈረመ ውል ነበር። ለመንግሥት ድጎማ ክፍያ የታሰበው ካርድ በ1999 ሲሠረዝ፣ ፖስታ ቤቱ ሥርዓቱን ለቅርንጫፎቹ የሒሳብ ሥራ አስቀረው። በዚያው ዓመት በተደረገው የመረከቢያ ሙከራ የሒሳብ መረጃን ትክክለኛነት የሚነኩ ጉድለቶች ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ ጉድለቶቹ ወደ ፊት ይታረማሉ በሚል ስምምነት ርክክቡ ተፈጸመ፤ ሥርዓቱም በሺህ በሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ተዘረጋ።

ከዚህም የተነሣ ኮምፒዩተሩ ገንዘብ ጎደለ ባለ ቁጥር ተጠያቂ የሚሆኑት የቅርንጫፍ ኃላፊዎች ሆኑ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ከዚሁ ሥርዓት በተገኘ ማስረጃ ተፈረደባቸው። በአላን ቤትስ መሪነት 555 ሰዎች ባቀረቡት ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 የሥርዓቱን ስሕተቶች አረጋገጠ፤ በ2024ም ፓርላማው በሕግ ፍርዶቹን ሻረ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ግን የፈሰሰውን የለቀሙት ያልቸኮሉት ናቸው። ስለሆነም ሒሳብን የሚነካ ጉድለት ታርሞ፣ ተጠቃሚውም በገዛ ሒሳቡ ፈትሾ ሳያረጋግጥ የርክክብ ፊርማ ሊኖር አይገባም።