«የኅዳር በሽታ» ስለ ተባለው ስም

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ያጠቃውን ወረርሽኝ ፈረንጆች «የእስፓኝ ጉንፋን» ሲሉት፣ የአገራችን ሰው «የኅዳር በሽታ» አለው። በሽታው አንድ ሲሆን የስሞቹ አሰጣጥ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

እስፓኝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ነበረች። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የወታደሮቻቸውን መታመም በሳንሱር ሲደብቁ፣ የማድሪድ ጋዜጦች የንጉሣቸውን የአልፎንሶ 13ኛን ሕመም ሳይቀር በግልጽ ጻፉ። ስለዚህ በሽታው ከዚያ የመነጨ መሰለ፤ ያልደበቀው አገር ስሙን ተሸከመ። (እስፓኞች ራሳቸው ግን ከአንድ የቴአትር ዘፈን ወስደው «የናፖሊ ወታደር» ይሉት ነበር።)

የእኛው ስም የሚናገረው በሽታው መቼ እንደ ገደለ ብቻ ነው፤ በማንም ሕዝብ ላይ አያሳብብም። በእኔ አስተያየት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በአገር፣ በሰው ወይም በእንስሳ ስም እንዳይጠራ የመከረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የተሰየመው ኮቪድ-19ም የአገር ስም ሳይሆን በሽታው የታየበትን ዓመት ይዟል።

እርግጥ የወር ስም ለሐኪም የሚነግረው ነገር የለም። ለቤተ ሰብ ግን ይነግራል፤ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል ሕዝቡ «ኅዳር ሲታጠን» ይላል።