ካዱ፣ ትራክተሩና የማናጀሩ ኃላፊነት

የጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ማንበብ ደስ ይለኛል። ሥራ ፈልጌ አይደለም፤ ዘመኑ ከሰው ምን እንደሚፈልግ ከዚያ ገጽ በላይ የሚነግረኝ ስለሌለ ነው። ከሁሉም ዓይኔን የሚይዘው ደግሞ “ፕሮጀክት ማናጀር” የሚለው ነው። የኃላፊነቱ ዝርዝር አንድ ክንድ ይሆናል። ዕቅድ ያወጣል፣ በጀት ይቆጣጠራል፣ ግዢ ያጸድቃል፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ለረጂው ይልካል፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር መልካም ግንኙነት ይፈጥራል። መጨረሻ ላይ ያቺ የማትቀር አለች፤ “በቅርብ አለቃው የሚሰጡትን ሌሎች ሥራዎች ያከናውናል”።

እሺ፣ ይሁን። ግን ፕሮጀክቱ በዕቅዱ መሠረት ሠርቶ፣ በጀቱም በልኩ ወጥቶ፣ ሪፖርቱም አምሮ ሲያበቃ፣ ውጤቱ ራሱ ሰው ቢያፈናቅልስ? ይህ በማናጀሩ የሥራ ዝርዝር ውስጥ የት ይገባል? የፈጠራ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። አሰላ ላይ የሆነ ነገር ነው።

ካዱን የአርሲ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማለት ነው። የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1967 ተስማምተው በጭላሎ አውራጃ ያቋቋሙት ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቤንግት ኔክቢ የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ሐሳቡ ለዘመኑ አዲስ ነው። እስከዚያ ድረስ “ልማት” ሲባል ወይ መንገድ ነው፣ ወይ ትልቅ የንግድ እርሻ ነው። ካዱ ግን ትንሹን ገበሬ እደርሳለሁ ብሎ ተነሳ። ባለ ጥንድ በሬውን፣ ጭሰኛውን። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የእህል ገበያ፣ የወተት ላም ማዳቀል፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የተሻሻለ ማረሻ፣ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። ዛሬ በስንዴ ምርምር ስሙ የሚነሳው ቁሉምሳም ሥሩ ከዚያ ዘመን ነው።

ተሳካለት? እንዴታ! እ.ኤ.አ. በ1968 ብድር የወሰደው ገበሬ 200 አይሞላም ነበር። ሦስት ዓመት ሳይቆይ ከ10 ሺህ አለፈ። ገበሬው ማዳበሪያን በዓይኑ እስኪያይ ነው የሚጠራጠረው፤ ካየ በኋላማ ማን ያቆመዋል። እንግዲህ በሩብ ዓመት ሪፖርት ቢታይ ማናጀሩን የሚያሸልም ሥራ ነው።

ችግሩ የመጣው ከስኬቱ ውስጥ ነው። ከጭላሎ ገበሬ ግማሽ ያህሉ መሬቱ የራሱ አልነበረም። በሲሶ ወይም በእኩል ለባለመሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ባለመሬቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መሬቱ ላይ የለም፤ ከተማ ነው የሚኖረው። ድሮ መሬቱ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ስለነበር ለጭሰኛው ትቶለት ድርሻውን ብቻ ይቀበላል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲገባ ግን ያው መሬት ወርቅ ሆነ። ባለመሬቱ ነቃ። መንግሥት ደግሞ የእርሻ መሣሪያና ነዳጅ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ሒሳቡን መሥራት አያስቸግርም፤ ትራክተር ካለ ጭሰኛ ለምን? አንዳንዱ የመሬት ግብሩን ከሲሶ ወደ እኩል ከፍ አደረገ። ሌላው ጭሰኛውን ጭራሽ አስነሳው። የአያቱ መቃብር ያለበትን ቀዬ ለቅቆ፣ ከብቱን እየነዳ ወደ ቆላ የወረደው ቤተሰብ ቀላል አልነበረም።

እዚህ ላይ “ታዲያ ካዱ ምን አደረገ? ትራክተሩን ያመጣው ባለመሬቱ አይደለም እንዴ?” የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን እንጂ፣ መሬቱን ተፈላጊ ያደረገው የካዱ ዘርና ማዳበሪያ መሆኑን ማንም አይክደውም። በብድሩ በኩልም አንድ የሚያሳዝን ነገር ነበር። ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ ጋር የተፈረመ የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ወረቀቱ የተፈለገው ለጭሰኛው ዋስትና ይሆነዋል ተብሎ ነው። ባለመሬቱ ግን ለምን ብሎ ይፈርማል? መፈረም ማለት “ይህ ሰው መብት አለው” ብሎ መመስከር ነው። ስለዚህ አይፈርምም፤ ጭሰኛውም ብድር አያገኝም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ መልካም ደንብ፣ ሜዳ ላይ ሲወርድ በር ይዘጋል።

አሁን ራሳችሁን በዳይሬክተሩ ወንበር ላይ አስቀምጡ። አሰላ ናችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ምርት እንደጨመረ ይናገራል። ሁለተኛው ሰው እየተነቀለ እንደሆነ ይናገራል። የትኛው ነው ወደ ስቶክሆልም የሚላከው?

ካዱን የማከብረው በዚህ ነው፤ ሁለተኛውን ወረቀት አልደበቀም። እንዲያውም ራሱ ነው ያስጻፈው። የድርጅቱ የዕቅድና ግምገማ ክፍል ነገሩን አጥንቶ ያሳትም ነበር። ሔኖክ ክፍሌ እ.ኤ.አ. በ1971 የብድሩን ፕሮግራም፣ በ1972 ደግሞ የትራክተር እርሻ በትንሹ ገበሬ ላይ ያመጣውን ጣጣ አጥንቶ በካዱ ስም አሰላ ላይ ታትሟል። የራሱን ጉድ በራሱ ማተሚያ ያወጣ ፕሮጀክት ዛሬ ስንት ትቆጥራላችሁ? እኔ ያነበብኳቸው የዘመኑ ሪፖርቶች ፎቶግራፋቸው የሚያምር ነው፤ ሁሉም ገበሬ ይስቃል።

ድርጅቱ ብድሩን ከትልልቅ ባለመሬቶች እያራቀ ለትንንሾቹ አደረገ። ስዊድንም የመሬት ኪራይ ሕግ ይውጣ ብላ መንግሥትን ወተወተች። እዚያው ስዊድን ውስጥም “ለባላባት ሥርዓት ነው ወይ የምንረዳው?” የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ረቂቁ ፓርላማ ደረሰ። ፓርላማው ውስጥ የተቀመጠው ማን ሆነና! ባለመሬቱ ነው። ረቂቁ እንደተኛ አብዮቱ ደረሰ።

ፕሮጀክት ላይ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቃት “ሎግ ፍሬም” የምትባል ሠንጠረዥ አለች። እ.ኤ.አ. በ1969 አካባቢ ለአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ለዩኤስኤይድ ተብላ የተሠራች ናት። ድርጅቱ ራሱ በ2025 ሲዘጋ ሠንጠረዧ ግን ዓለምን ወርሳ ቀረች። በስተቀኝ ጫፍ “ታሳቢዎች” የሚል ዓምድ አላት። ከማናጀሩ እጅ ውጪ የሆነ፣ ግን ካልተሟላ ሥራው የሚበላሽበት ነገር እዚያ ይጻፋል። አብዛኛው ሰው ይህቺን ዓምድ የሚሞላት ማታ፣ ፕሮፖዛሉ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። “ሰላም ይሰፍናል፣ ዝናብ በወቅቱ ይዘንባል” ተብሎ ይታለፋል። የካዱ ታሳቢ ቢጻፍ ኖሮ “የጭሰኛው ይዞታ በሕግ ይጠበቃል” የሚል ይሆን ነበር። የአውራጃው ዕጣ የተወሰነው በዚያች መስመር ነው።

እኔ የማናጀሩን ዋና ኃላፊነት የማየው እዚህ ላይ ነው። ካዱ ጥሎ መሄድ ነበረበት የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቢሄድ ትራክተሩ አብሮት አይሄድም። ጥናቱን የሚያትመው፣ ለጭሰኛው የሚከራከረው ነው የሚጠፋው። ቅደም ተከተሉ ግን ተገላብጧል እላለሁ። ውሉ ከዘሩ መቅደም ነበረበት። ስዊድን በስምምነቱ ጠረጴዛ ላይ ጉልበት የነበራት ገንዘቡ ሳይፈስ በፊት ነው። ማዳበሪያው ሜዳ ላይ ከወረደ በኋላ ማን ይፈራታል?

ሌላም ነገር አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። ለአንድ አውራጃ ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ማፍሰስ ለአገሪቱ በሙሉ እንደማይቻል ታወቀና እ.ኤ.አ. በ1971 “አነስተኛ ፓኬጅ” የሚባለው ፕሮግራም መጣ። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና ምክር፣ በቃ። ርካሽ ነው፤ ለብዙ አውራጃም ይዳረሳል። የመሬቱን ጥያቄ ግን እሱም አልነካውም።

የዘመን አቆጣጠራችን ነገር ሆኖ ካዱ በፈረንጆቹ 1967 ተቋቋመ፣ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በእኛው 1967 ወጣ። በሁለቱ 1967ዎች መካከል ሰባት ዓመት ተኩል ያህል አለ። የካቲት 25 ቀን የታወጀው አዋጅ ለፓርላማው የከበደውን በአንድ ቀን ፈጸመው። ካዱም ቆይቶ ሥራውን ወደ አርሲ በሙሉ አስፍቶ አርዱ ተባለ። አዋጁ መሬት የሚከፋፈልበትን ተራ ሲዘረዝር መጀመሪያ በአካባቢው የሚኖሩትን ጭሰኞችና ባለመሬቶች ይጠራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ቀድሞ በአካባቢው ይኖሩ የነበሩትንና የተባረሩትን ጭሰኞች። የተባረረው ሰው ተራው እንዲደርሰው ግን ወሬውን መስማት፣ በሕይወት መኖር፣ ከዚያም ከወረደበት ቆላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ስንቅ ማግኘት ነበረበት።