የጣና ዳርቻ ሕዝብ ኑሮና የባሕር ዳር ከተማ ማደግ

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በደቡቡ ዳርቻ የተቈረቈረችው ባሕር ዳር ዛሬ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ወደ እርስዋ የሚመጣ እንግዳ እንዲያያቸው ከሚመከሩት ዋናዎቹ የደሴቶቹ ገዳማት፥ የዘጌ የቡና ደን፥ የደንገል ታንኳና ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ግን ለጎብኝ ዐይን የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ሕዝብ ሲጸልይባቸው፥ ሲነግድባቸውና ሲተዳደርባቸው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የከተማዪቱን ታሪክ የሚመረምር ሰው፥ የዳርቻው ሕዝብ ቀድሞ በምን ተያይዞ ይኖር እንደ ነበረ፥ ከተማው በሰፋ ጊዜም ከመካከላቸው መሬቱ የጸናለት ማን፥ የተወሰደበትም ማን እንደ ሆነ መመልከት ይገባዋል።

ባሕር ዳር ራስዋ ብዙ ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች። የሐይቁ ደሴቶች በውሃ የተከበቡ ስለ ሆኑ፥ በጦርነት ዘመን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ይሸሸጉባቸው ነበር፤ በዳጋ እስጢፋኖስም የነገሥታት ዐፅም ተቀምጦ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ለተመራማሪ ትምህርት የሚሰጠው ግን የዘጌ ሥርዓት ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ቈራርጠው ቢተክሉ ቡና፥ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ከዚያም ወዲህ በዚያ ባሕረ ገብ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ሆነ። ክልከላው ደኑን አቆየው፤ የዘጌን ሰው ግን እህሉን ከውጭ እንዲገዛ አስገደደው። ቡናው፥ ጌሾውና እንጨቱ ሲወጣ እህሉ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ደኑ የለማው በጸሎትና በገዝት ብቻ አይደለም። እስከ 20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት ድረስ በቡናው ሥራ ይደክሙ የነበሩት ባሮች እንደ ነበሩ የታሪክ ሊቁ አብዱሳማድ አህመድ በጥናታቸው ገልጠዋል።

ዘጌን ከባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ ጋር ያገናኘው ታንኳ ነው፤ ታንኳ በመሥራትም የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ከዳርቻው ታጭዶ ይደርቃል፥ ከዚያም በነዶ በነዶ ይታሰራል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተስቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዕድሜውም ከጥቂት ወራት የሚያልፍ አይደለም። እንግዲህ ታንኳ ሠሪ ዘወትር ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ ሳይኖረው ሥራውን ሊሠራ አይችልም። ወይጦዎች ከዚህ ሌላ ጉማሬ ያድኑ፥ ዓሣ ያጠምዱ፥ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርቡና ቅርጫት ይሠሩ ነበር። እነርሱ እስላም ነን ቢሉም፥ የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ይጸየፋቸው ነበር፤ የእጃቸውን ሥራ ይገዛል፥ ወደ ገበታቸው ግን አይቀርብም። የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮሄን በ1902 እና በ1903 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ፥ ወይጦዎች አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ስለ ነበር፥ ከእነርሱ ሊሰበስብ የቻለው ጥቂት ልዩ ቃላትን ብቻ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ጦር እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ባሕር ዳርን የጦርና የአስተዳደር ሰፈር አደረጋት። እውነተኛው የከተማነት እድገት ግን ከዚያ በኋላ መጣ። በኢጣልያ የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም.፥ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የቆመው ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም.፥ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዘመን ጀርመናውያን ባለሙያዎች የከተማውን ፕላን ነደፉ። ባላገሩ ደመወዝ፥ ልጁም ትምህርት ስላገኘበት፥ የዚህ ሥራ ጥቅም የሚካድ አይደለም።

ነገር ግን ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከተማው ወደ ሐይቁ ሲጠጋ ሆቴሉ፥ መናፈሻውና መሥሪያ ቤቱ የሠፈሩት በውሃው ዳር ነው፤ በዚያ የነበሩት የወይጦ ቤቶችም ወደ ሌላ ስፍራ እንዲነሡ ተደረገ። ደንገሉ ተመነጠረ፤ የጉማሬ አደኑም ቀረ። በፏፏቴው ላይ የደረሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሐይቁን ውሃ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። ስለዚህ ጢስ ዓባይ ከክረምት ውጭ የቀድሞ ግርማው ተቀንሶበታል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ ስለ ወረረ፥ የዓሣ አጥማጁም መንገድ ጠበበ።

የዘጌ ደንና የወይጦ ደንገል በአንድ ሐይቅ ዳር የበቀሉ ሲሆኑ ዕጣቸው የተለያየበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል። ደኑ ገዝት የሚጠብቀው፥ ገዳምም የሚሟገትለት ነበር። ወይጦ ግን ርስት ስላልነበረው፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያጭደው የኖረው ደንገል እንደ ባለቤት የለሽ ተቈጠረ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል። የታንኳው ሥዕል የከተማዪቱ መለያ ሆኖ በየስፍራው ይታያል፤ ታንኳ ሠሪው ግን ደንገሉን የሚያገኘው ከቀድሞው ይልቅ ርቆ ሄዶ ነው።