ዝሆኑን የጠራው ፉከራ

ፉከራ ሲባል ዛሬ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በሰው ፊት የሚደረግ ነገር ነው። ዘማቹ ከመነሣቱ በፊት በጌታው ፊት ቆሞ ይዝታል፣ ወይም ግዳዩን ጥሎ ሲመለስ የፈጸመውን ይቆጥራል። በሁለቱም ጊዜ ሰሚው ሰው ነው፤ አውሬው ወይ ገና አልተገኘም፣ ወይ ሞቷል። ስለዚህም ፉከራን የጀግንነት ጌጥ፣ ባይኖርም ሥራው የማይጎድልበት ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። የመተማ ቆላ የአደን ታሪክ ግን ይህን አሳብ ያፈርሰዋል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ፉከራ ራሱ ሥራ ነበር፤ ዝሆን መጥሪያ፣ ጆሮውን መያዣ፣ ከጎራዴው ቀድሞ የሚሰነዘር መሣሪያ።

ዋናው ምስክር ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ ጨርቂን ላይ ከእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ ከአይቶ ክንፉ ጋር ሰንብቶ ዝሆን አደን ወጣ። ከዚያ በታች ያለው የመተማ አካባቢ ያኔ ራስ ኤል ፊል ይባል ነበር፤ በዐረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። ብሩስ ያያቸው አዳኞች አገጊር የሚባሉ፣ ስማቸውም ከቋንጃ መቁረጥ የመጣ፣ በጫካ የሚኖሩ፣ እህል እምብዛም የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ሰው ራቁቱን በአንድ ፈረስ ይቀመጣል፤ ልብስ በቁጥቋጦ ይያዛልና። የፊተኛው ልጓምና አጭር በትር ብቻ ይይዛል፤ የኋለኛው ጎራዴ። የጎራዴው ስለት ከእጀታው ቀጥሎ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል በገመድ የተጠመጠመ ነው፤ ግራ እጁ እጀታውን፣ ቀኝ እጁ ጥምጥሙን ይጨብጣል። የቀረው ስለት እንደ ምላጭ ነው። ፈረሰኛው ዝሆኑ ፊት ደርሶ ድምፁን ከፍ ያደርግና ስሙን ይናገራል፤ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ አባትህን እዚህ ቦታ፣ አያትህን እዚያ ቦታ ገድያለሁ፣ አንተ ከእነሱ ጋር ስትተያይ አህያ ነህ ይለዋል። ዝሆኑ ተቆጥቶ በኩምቢው ሊይዘው ሲከተል ፈረሱ ይዞራል፤ ዝሆኑም አብሮ ይዞራል። በዚህ መሐል ባለጎራዴው ከፈረሱ ይወርድና ቋንጃውን በአንድ ምት ይቆርጠዋል፤ ፈረሰኛው ተመልሶ ጓደኛውን አፈናጥጦ ይጋልባል። ሥጋው እንደ ጠፍር ተዘልዝሎ፣ ያለ ጨው በዛፍ ላይ ተሰቅሎ ቋንጣ ይሆናል፤ የክረምት ስንቅ ነው። እንግዲህ ይህ ለዝና ብቻ የሚወጣ አደን አይደለም፤ ቤተሰብ የሚያድርበት ሙያ ነው።

ብሩስ ራሱ ጩኸቱን ከንቱ ነገር ብሎታል፤ አዳኙ ዝሆኑ ቃሉን የሚረዳው መስሎት ነው ብሎ አልፏል። ነገር ግን የራሱ ትረካ ይመልስለታል፤ ዝሆኑ የሚቆጣው ጩኸቱን ከፊቱ ሲሰማ ነው ብሎ የጻፈው እሱ ነውና። ዝሆን ዓይኑ ደካማ፣ ጆሮውና ማሽተቱ ግን የተሳለ አውሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኬንያ አምቦሴሊ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ዝሆኖች የማሳይን ወንዶች ድምፅ ከካምባ ወንዶች፣ የወንድን ከሴት ለይተው ያውቃሉ፤ ጦር የሚወረውርባቸውን ሰው ድምፅ ሲሰሙ ተሰብስበው አየሩን ያሸታሉ። የአምቦሴሊዎቹ መሸሽንና መሰብሰብን እንጂ ማጥቃትን አልመረጡም፤ ስለዚህ ጥናቱ የጨርቂንን ነገር ሁሉ አያስረዳም። ቢሆንም የሰው ድምፅ ለዝሆን ባዶ ጩኸት እንዳልሆነ ያሳያል። ዘር ቆጠራውን ዝሆኑ አልተረዳም፤ የሚናገረው ማን ዓይነት ፍጡር እንደሆነና የት እንደቆመ ግን ተረድቷል። ለባለጎራዴው የሚያስፈልገውም ይኸው ነበር።

ዝሆኑን ያዞረው ፈረሱ እንጂ ድምፁ አይደለም የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ከ90 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1861ና 1862፣ በሰቲት ወንዝ ዳር ከሐምራን ዐረቦች ጋር ያደነው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር የሚያደንቀው የፈረሱን እርጋታና የፈረሰኛውን ድፍረት ነው። ሆኖም ዋልካው በበጋ በሚሰነጣጠቅበት፣ እሾሁ በሚተናነቅበት ቆላ ፈረስ ሁልጊዜ እንደ ልብ አይሮጥም፤ ድምፅ ግን ሣሩንና አቧራውን አልፎ ይደርሳል። ሌላም ነገር አለ። ዝሆኑ ሁለት ጠላት አለው፤ ሥራው የሚሳካው አንዱን ብቻ ሲያውቅ ነው። የፊተኛው የሚጮኸው የኋለኛው ኮቴ እንዳይሰማ ጭምር ነው ብዬ እገምታለሁ። አገጊሮቹ ዐረብኛ ተናጋሪ ከነበሩ ከአማርኛ ፉከራ ጋር ምን አገናኛቸው ለሚልም፣ እነሱን ያስተማረ የጎንደር ሰው ነው አላልኩም። መልኩ ግን አንድ ነው፤ ስም፣ የፈረስ ስም፣ የገደሉት ዝርዝር። የቋራው ካሣ አባ ታጠቅ፣ መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት ዮሐንስ አባ በዝብዝ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። አይቶ ክንፉም በዚያ አደን ከአገጊሮቹ ጋር ወጥቷል።

ታዲያ ይህ ጥሪ የት ሄደ? መልሱ በቤከር ጓዝ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከባድ ጠመንጃውን ዐረቦቹ የመድፍ ልጅ ብለውት ነበር፤ የሚተኩሰው ሩብ ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ ጥይት ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ዝሆኑ እንዲያውቀው አይፈልግም፤ ነፋሱን ተቃውሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠጋል። የሚጣራ ባለጠመንጃ ቢኖር እንኳ ራሱን ሰውሮ ነው። በሰሜን አሜሪካ ኮዮት የሚባለውን ቀበሮ መሰል አውሬ የሚጠሩ ሰዎች በትንሽ ፊሽካ የቆሰለ ጥንቸል ጩኸት ያሰማሉ፤ አውሬው ምግብ መስሎት ይመጣል፤ ጠሪው ተደብቆ ይጠብቀዋል። የጨርቂኑ ፈረሰኛ ይህን አላደረገም። ስሙን ተናግሮ፣ ፊት ለፊት ታይቶ ነው የጠራው፤ የጓደኛው ሕይወትም በዚያ መታየት ላይ ተንጠልጥሏል። ጠመንጃ ሲበዛና የዝሆን ጥርስ በገበያ ሲፈለግ ይህን ያህል የሚደክም አልተገኘም። ጎራዴውና ጥሪው አብረው ቀሩ፤ ፉከራው ብቻ ከጫካ ወጥቶ ዳስ ገባ፤ አሁንም ግን የፎካሪው ጣት የሌለ ባላጋራ ያለበት ይመስል ወደ ፊት ይቀሰራል።